ኃይለ ዕፅዋትና መጠኑ፤ አዝርዕትን ከተባይና ከድርቅ ስለ መጠበቅ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከባሕር ማዶ መጥቶ ከእንጦጦ ራጉኤል ግርጌ ጀምሮ ተራራውን ያለበሰው ነጭ ባሕር ዛፍ፣ የምንጩን ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሌላ ቡቃያ አያስበቅልም እየተባለ ዘወትር ይከሰሳል፤ ክሱም ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ ይኸው ዛፍ በቅጠሉ ዘይት ውስጥ ሽታው ነቀዝን የሚያርቅ ሲኒዮል የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው፣ ቅጠሉን አድርቆ ከእህሉ ጋራ በጎተራ የሚያኖር ገበሬ በከንቱ ልማድ አልተመራም።

ከአገራችን ዕፅዋት መካከል ለዚህ ጉዳይ አብልጦ ሊመረመር የሚገባው ግን የኢትዮጵያ ብቻ የሆነው ብርብራ ነው። የጣና ዓሣ አጥማጆች ዘሩን ወቅጠው ውሃ ላይ በመበተን ዓሣውን የሚያፈዝዙበት ይህ ዛፍ፣ ሮቴኖን የሚባለውን የሕዋሳትን እስትንፋስ የሚያግድ መርዝ በዘሩ ይዟል፤ ስለዚህም ነቀዝንም ምስጥንም ለመግደል ይበቃል። ሮቴኖን በፀሐይ ብርሃን ፈጥኖ የሚፈርስ በመሆኑ እንደ ዲዲቲ በአፈርና በእንስሳት ስብ ለብዙ ዘመን አይከማችም፤ በዚያው ልክ ግን ኃይሉ በማሳ ላይ አይቆይምና ደጋግሞ መርጨት ግድ ይሆናል። ከዛፍ የተገኘ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብም ታላቅ ስሕተት ነው፤ ዓሣን የሚገድል ጭማቂ ወደ ወንዝ ቢፈስ ጉዳቱ ከፋብሪካ መርዝ አያንስምና።

የመጠንን ነገር እንዶድ አስተምሮናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ለማጥፋት መንገድ ቢከፍትም፣ ግኝቱ በዓለም መድረክ ተቀባይነት እንዲያገኝ የመርዝነቱ ልክ በብዙ ዓመት ምርመራ መታወቅ ነበረበት፤ እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራ የተሸለሙትም እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የብርብራም ዘር በእፍኝ እየተገመተ ሳይሆን እየተመዘነ፣ የሚሰበሰብበት ወቅትና የሚዘፈዘፍበት ሰዓት ተወስኖ ለገበሬው ሊደርስ ይገባል፤ በእኔ አስተያየት የምርምር ተቋሞቻችን ተቀዳሚ ግዴታ ይህ ነው።

ስለ ድርቅ ሲነገር፣ የዕፅ መርዝ ዝናም አያመጣም። ነገር ግን ውሃ ተጠምቶ የደከመውን ቡቃያ ምስጥ ፈጥኖ ስለሚያጠቃው፣ ተባዩን መከላከል ቡቃያው የቀረችውን እርጥበት ለፍሬ እንዲያውላት ያግዛል። ሁለቱን መከራ አንድ ላይ የሚገጥመው ግን በበቆሎ መካከል የሚዘራው ዴስሞዲየም የተባለው ዕፅ ነው፤ በጠረኑ አገዳ ቆርቁርን ያርቃል፣ በሥሩ አቀንጭራን ይገታል፣ በቅጠሉም መሬቱን ሸፍኖ እርጥበት ያቆያል። በቆሎ ግን በይበልጥ የወይና ደጋና የቆላ ሰብል ነው፤ ተባይን በመከላከል የሚታወቀው የኒም ዛፍም ብርድን አይታገሥም። በእንጦጦ ጀርባ ገብስና ባቄላ ለሚዘራው ደገኛ የሚስማማው አጋር ዕፅ መፈለግ ያለበት እዚያው ከደጋው፣ ደን በተመነጠረበት ዘመን ሳይቀር ጥንታዊ ዕፅዋትን ጠብቀው ካቆዩት ከአብያተ ክርስቲያናት አጸድ ነው።