ልክ፣ መልክ፣ መልካ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚያወጣው መንገድ፣ መልካሳ ላይ፣ አንድ ወጣት ራዲዮ ሠሪ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጫለሁ። ጀርባው የተከፈተው ራዲዮ ከትራንዚስተር ዘመን በፊት የተሠራ ነው፤ ሣጥኑ እንጨት፣ ሆዱ ባለ ቫልቭ። ሠሪው በካቻቪቴ ጫፍ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት የካርቶን ሲሊንደር አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይቺን ጥቅል ያዩዋታል? ልኳን ካላወቅሁ ጣቢያ አታስይዘኝም» አለ። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቃል ሰጠኝ። ጥቅልና ልክ።

ጥቅል ከጠቀለለ ነው። ጠቀለለ ዙሪያውን ይዞ ማጠፍ፣ ሁሉን በአንድ ማሰር ነው። ጥቅል ጎመንም ከዚሁ ግሥ ወጣ። ከውጭ አገር ለዘለቄታው የተመለሰ ሰው «ጠቅልሎ ገባ» ይባላል፤ አልጋ ልብሱንና ሐሳቡን አንድ ላይ አሥሮ መጣ እንደ ማለት። ድምሩ ጠቅላላ ሲሆን ሁሉን በሥሩ የሚይዘው ደግሞ ጠቅላይ ነው። ስለዚህ ጠቅላይ ሚኒስትሩና የራዲዮው ጥቅል የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው። ይህን ለሠሪው ስነግረው ሽቦውን አዲስ አድርጎ አየው።

የያዘውን መሣሪያ ስም ደግሞ እኔ አዲስ አድርጌ አየሁት። ካቻቪቴ ከጣሊያንኛ የመጣ ጥምር ቃል ነው። ካቻ መንዳት፣ ማሳደድ ነው፤ ቪቴ ብሎን ነው። ግን ቪቴ ብሎን ከመሆኑ በፊት የወይን ሐረግ ነበር፤ የላቲኑ ቪቲስ። ሐረጉ ድጋፉ ላይ እየተጠመጠመ ሲወጣ ያየ ሰው የብሎኑን ጥርስ በእርሱ ስም ጠራው። የአማርኛ ተናጋሪ ካቻቪቴ ባለ ቁጥር ሳያውቀው የወይን ሐረግ ይጠመጥማል።

የጥቅል አንዱ ጥምጥማት ዙር ይባላል፤ ዞረ፣ ዙሪያ፣ አዙሪት። ግዕዝ ለዚሁ ነገር ሌላም ግሥ አለው፤ ዖደ። ዐውድ፣ ዐውደ ዓመት፣ ዑደት ከእርሱ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ታቦት ይዞ መዞር ዑደት ነው፤ የኤሌክትሪክ ፍሰት ከባትሪው ወጥቶ የሚመለስበትም መንገድ በትምህርት መጽሐፎቻችን ዑደት ተብሏል። ከትርጉም ቃሎቻችን ሁሉ ይህን የመሰለ የተሳካ አላውቅም። ድግግሞሽም ጥሩ ነው። ደገመ ማለት መልሶ ማለት፣ መልሶ ማድረግ ነው፤ ዳዊት ይደገማል፣ ጠንቋይም ይደግማል፣ ድግምት የተባለው ከዚያ ነው። የራዲዮ ሞገድ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚደግም የሚነግረን ቁጥር ስሙን ከዳዊት ደጋሚው ጋር ተጋርቷል።

ኢንዳክታንስ ግን እንዳለ ገብቷል። በጥቅል ውስጥ የሚያልፍ ፍሰት በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ፍሰቱ ሊለወጥ ሲል መስኩ ለውጡን ይቃወማል። የዚህ ተቃውሞ መጠን ነው ኢንዳክታንስ። ላቲኑ ኢንዱኬሬ ነው፤ ኢን ወደ ውስጥ፣ ዱኬሬ መምራት። በግዕዝ መርሐ ይገጥመዋል። ከዱኬሬ ጎን ዱክስ፣ መሪ፣ የሚለው ስም አለ፤ ከዱክስ ደግሞ አያቶቻችን በምሬት የሚያውቁት ዱቼ ወጣ። ማይክል ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. በጥቅልና በማግኔት ያሳየው ይህንኑ የመስክና የፍሰት ዝምድና ነው፤ አዋሽ ላይ ከቆቃ ግድብ፣ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የተተከሉት ማመንጫዎችም በዚሁ ይሠራሉ። መለኪያው የተሰየመው ግን በአሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ ነው። ሄንሪ ለራዲዮ ሠሪ እጅግ ትልቅ ስለሆነ በሚሊዮን ተከፍሎ በማይክሮሄንሪ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ልክ። በግዕዝ ለክዐ አለ። መጨረሻው ላይ ያለችው ዐ በአማርኛ ትጠፋለች፤ በልዐ በላ፣ ሰምዐ ሰማ እንደሆነ ለክዐም ለካ ሆነ። ልክ፣ መለኪያ፣ ልኬት ተከተሉ። ከዚያው ከለክዐ መልክዕ ወጣ፤ ቅርጽ፣ ምስል። በአማርኛ መልክ ነው፤ መልክ ያለው መልካም ነው፣ ጉልበት ያለው ጉልበታም እንደሆነ። መልክዕ የሚባለው የግዕዝ ድርሰትም የቅዱሱን አካል ከራስ ጠጉሩ ጀምሮ እስከ እግሩ ጥፍር አንድ በአንድ እየጠራ ያወድሳል። ሲያወድስ እየለካ ነው።

መልካሳ ግን ከዚህ ቤት አይደለችም፤ ልቤ ቢፈልግም። መልካ ኦሮምኛ ነው፤ የወንዝ መሻገሪያ፣ የውሃ ዳር። መልካ ቁንጥሬ፣ መልካ ዋቀና፣ መልካ ወረር ሁሉም ወንዝ ዳር ናቸው፤ በክረምት መውጫ ውሃ ዳር የሚከበረውም ኢሬቻ መልካ ይባላል። አዋሽን አጠገቧ ይዛ ከመልክ ጋር ማዛመድ ወንዙን መካድ ነው።

እንግዲህ ጥቅሏ። ውስጧ ብረት የለም፤ አየርና ካርቶን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጥቅል ልኩ በመልኩ ይወሰናል፤ በውፍረቱ፣ በርዝመቱ፣ በዙሩ። ሃሮልድ ዊለር በ1928 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ይህን በአንድ መስመር ይዞታል፤ የግማሽ ስፋቱ ካሬ በዙሩ ካሬ ተባዝቶ፣ 22.9 ጊዜ ግማሽ ስፋቱ ከ25.4 ጊዜ ርዝመቱ ጋር ተደምሮ ለተገኘው ይካፈላል። ሴንቲሜትር አስገብተህ ማይክሮሄንሪ ታወጣለህ። ልጁ ዙሩን በመርፌ ጫፍ ቆጠረ፣ እኔ በወረቀት ጻፍሁ፤ ስፋት 5 ሴንቲሜትር፣ ርዝመት 6፣ ዙር 90። ወጣ፤ 242 ማይክሮሄንሪ ገደማ።

ወረቀት አላመነም። 365 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አጠገቧ አሰረና ከሲግናል ጄኔሬተሩ ጋር አገናኛት። በስሌት 535 ኪሎኸርዝ አካባቢ ላይ ማየል አለባት። ቁልፉን ቀስ ብሎ አዞረው፤ የቮልት መለኪያው ጠቋሚ ተኝቶ ቆየ፣ ከዚያ መነሣት ጀመረ፤ 533 ላይ ጫፍ ደረሰና ወረደ። ሽቦዎቹ ጎን ለጎን ሲተኙ በመካከላቸው የሚፈጥሩት ጥቂት ካፓሲታንስ ነው ሁለቱን ኪሎኸርዝ የበላው። ልጁ ጠቋሚውን ወደ ጫፉ መልሶ ቀና አለ።

«ለካ ልኳ ይኼ ኖሯል፣ ጋሼ!»