በአሚቾው ውስጥ የተሰወረው ኃይል፦ የሕዋስና የግንደ ሕዋስ ታሪክ በጌዴኦ ማሳ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው አውራ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ዲላ ከተማ ይደርሳል። ከዲላ ወደ ደቡብ ወናጎን፥ ይርጋ ጨፌንና ገደብን፥ ወደ ምሥራቅም ደገኛውን ቡሌን ይዞ የተዘረጋው የጌዴኦ ምድር በውጭው ዓለም ስሙ የገነነው በቡናው ነው። የአገሩን ሰው ማዕድ አጽንቶ ያቆየው ግን ከቡናው ይልቅ እንሰቱ ነው። ከበላይ ዋንዛና ብርብራን የመሳሰሉ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው ቡናውና እንሰቱ በአንድ ማሳ ተደባልቀው ይበቅላሉ። ይህ የአስተራረስ ጥበብ የዓለምን ዓይን በመሳቡ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

በዚሁ ማሳ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲፈጸም የኖረ አንድ ሥራ አለ። እንሰት ለሙዝ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም እንደ ሙዝ ከሥሩ በራሱ ቡቃያ አያወጣም። ስለዚህ ገበሬው ችግኝ ሲፈልግ ጥቂት ዓመት የሞላው ጤናማ እንሰት ይመርጣል፤ ግንድ መሳዩን ክፍል ከአሚቾው ጥቂት ከፍ አድርጎ ይቆርጣል፤ ከመካከል ያለውን የዕድገት ጫፍ በቢላዋ ፍቆ ያወጣል፤ ከዚያም አሚቾውን መልሶ አፈር ያለብሰዋል። ላላወቀ ሰው ይህ ተክሉን እንደ መግደል ይቆጠራል። ነገር ግን ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ከተቀበረው አሚቾ ዙሪያ ለምለም ቡቃያዎች አፈሩን እየሰነጠቁ ብቅ ይላሉ። ቁጥራቸውም እንደ ዝርያው ከጥቂት ዐሥሮች እስከ መቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

አንዱ ተክል ተቆርጦ እንዴት መቶ ሊሆን ቻለ? ከቡቃያው በፊትስ በአሚቾው ውስጥ ምን ነበር? የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ስለ ሕዋስና ስለ ግንደ ሕዋስ ትምህርት የሚጀምር ተማሪም ይህን ታሪክ ቢከተል ነገሩ ከሥሩ ይገባዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባዶ ክፍል እስከ ሕያው ሕዋስ

በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ የቡሽን ስስ ቁራጭ በአጉሊ መነጽር ሲመረምር የማር እንጀራ የመሰሉ ጥቃቅን ክፍሎች አየ። ክፍሎቹንም የመነኮሳትን ጠባብ ቤት በሚያመለክት ቃል ሴል ብሎ ሰየማቸው። በእርግጥ ሁክ ያየው ሕይወቱ ያለፈውን የሕዋስ ግድግዳ ብቻ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ በኩሬ ውኃ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ነፍስ ያላቸው ደቂቃን ፍጥረታት እንዳሉ ገለጸ። ይሁን እንጂ የተፈጥሮ ሕንፃ ሁሉ ከሕዋስ የታነጸ ነው የሚለው አሳብ ጸንቶ የቆመው በ1838 ማቲያስ ሽላይደን ስለ ዕፀዋት፥ በ1839 ደግሞ ቴዎዶር ሽቫን ስለ እንስሳት ከጻፉ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ ሕዋስ ከየት ይመጣል የሚል ነበር። ሽላይደንና ሽቫን ሕዋስ ቅርጽ ከሌለው ፈሳሽ ይረጋል ብለው አስበው ነበር። ሮበርት ሬማክ የሕዋስን መከፈል በዓይኑ ተከታትሎ ይህን አፈረሰው፤ ሩዶልፍ ቪርኾም በ1855 ማንኛውም ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ እንደሚወለድ በማወጅ አሳቡን አስፋፋው። እንግዲህ ከአሚቾው የሚወጣው ቡቃያ ከአፈሩ የተፈጠረ አይደለም ማለት ነው። ቀድሞ በአሚቾው ውስጥ ከነበሩት ሕዋሳት በመከፋፈል የተገኘ ነው።

ያልተመደቡት ሠራተኞች

ይሁን እንጂ ሕዋሳት ሁሉ እኩል አይከፋፈሉም። አብዛኛው ሕዋስ እንደ ሙያተኛ በአንድ ሥራ ላይ የተመደበ ነው። በቅጠሉ ያለው የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ምግብ ያዘጋጃል፤ በሥሩ ያለው ውኃ ይስባል፤ በቃጫው ያለው ተክሉን ያጸናል። የሁሉም አስኳል ግን በመሠረቱ አንድ ዓይነት የውርስ መጽሐፍ ይዟል። የእንሰቱ ሕዋስ በቅጠልም ይሁን በሥር 18 ክሮሞሶሞች አሉት። ልዩነቱ የሚመጣው እያንዳንዱ ሕዋስ ከዚያ መጽሐፍ የትኛውን ምዕራፍ እንደሚያነብና የትኛውን እንደሚዘጋ ነው።

ከእነዚህ መካከል በምንም ሙያ ያልተመደቡ ሕዋሳት አሉ። እነርሱም ሁለት ጠባይ አላቸው፦ አንደኛ ሲከፋፈሉ የራሳቸውን መሰል ይተካሉ፤ ሁለተኛ ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ ወደ ልዩ ልዩ ሙያ ይገባሉ። በአማርኛ ግንደ ሕዋስ ብንላቸው ከመነሻቸው ጋር ይስማማል። ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል በ1868 ቃሉን ሲያወጣ የፍጥረታትን የትውልድ ዛፍ እያሰበ፥ የሁሉ ምንጭ ለሆነው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር የሰጠው ስም ነበርና። የዛሬውን ትርጉም የያዘው ቀስ በቀስ ነው። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ በ1858 ካርል ኔጌሊ በዕፀዋት ጫፍ ላይ ዘወትር የሚከፋፈለውን ሥጋ ሜሪስቴም ብሎ ሰይሞታል። በእንሰት ይህ ቦታ ከዓይን የተሰወረ ነው። ግንድ የሚመስለው ክፍል የቅጠል እግሮች እርስ በርስ ተጠቅልለው የሠሩት ሲሆን፥ እውነተኛው ግንድ አጭር ሆኖ በታች ይቀራል። ገበሬው በቢላዋው ፈልጎ የሚያወጣውም በዚያ መካከል ያለውን ጫፍ ነው።

ጫፉ ሲነሣ

ጫፉ እስካለ ድረስ ጎረቤቶቹ የማይነሡበት ምክንያት የታወቀው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ኬኔት ቲማንና ፎልክ ስኩግ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የባቄላን ጫፍ ቆርጠው፥ በምትኩ ኦክሲን የተባለውን ሆርሞን ሲያኖሩ የጎን ቡቃያዎቹ እንደ ተኙ መቅረታቸውን አሳዩ። ጫፉ ወደ ታች የሚልከው ሆርሞን የሌሎቹን ዕድገት ይገታል ማለት ነው። ጫፉ ሲወገድ ግን እገዳው ይነሣል። በ1957 ስኩግና ካርሎስ ሚለር የትምባሆን ሥጋ በብርጭቆ ውስጥ እያሳደጉ፥ ኦክሲን ከሳይቶካይኒን ጋር በሚቀላቀልበት መጠን ሥር ወይም ቅጠላማ ቡቃያ ማስወጣት እንደሚቻል አስረዱ።

ከአንድ ሕዋስ ሙሉ ተክል ይገኛል ብሎ አስቀድሞ የተነበየው ኦስትሪያዊው ጎትሊብ ሃበርላንት ነበር። በ1902 ሕዋሳትን ለይቶ አኖራቸው፤ በሕይወት ሰነበቱ እንጂ አልተከፋፈሉለትም። ተስፋው የተፈጸመው በ1958 በአሜሪካ ፍሬድሪክ ስቱዋርድና ባልደረቦቹ፥ በጀርመንም ያኮብ ራይነርት ከካሮት ሥር ከተገኙ ሕዋሳት ፅንስ መሰል አካላት ባሳደጉ ጊዜ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ስለ ኦክሲን የሰማው ነገር አልነበረም። ሆኖም ዕድሜውን መርጦ፥ ጫፉን አውጥቶ፥ ቁስሉን በአፈር ሸፍኖ ሲጠብቅ ያንኑ ሕግ በእጁ ይሠራበት ነበር። እንሰትን በሥዕልና በጽሑፍ ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው፤ ይህም ሽቫን ስለ ሕዋስ ከመጻፉ ግማሽ መቶ ዘመን ያህል በፊት መሆኑ ነው። የጌዴኦን የመሬት አጠቃቀም በ2002 ለዶክትሬት ማዕረግ ያጠኑት ታደሰ ኪጴም ይህ ዕውቀት ስንት ሺህ ዘመን እንደ ዘለቀ የሚጠይቅ ርእስ ለጥናታቸው ሰጥተዋል።

በሰው አካል

ዕፀዋት ግንደ ሕዋሳቸውን በየጫፋቸው ይዘው ዕድሜ ልካቸውን አዲስ አካል ያወጣሉ። ሰውና እንስሳ ግን ከተወለዱ በኋላ ይህ ችሎታ በየሥፍራው ተወስኖ ይቀርባቸዋል። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ብቻ ስለሚኖር መቅኔ በየሰከንዱ ሁለት ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት መተካት አለበት። ይህን ሥራ የሚመሩት የደም ግንደ ሕዋሳት ናቸው። ካናዳውያኑ ጀምስ ቲልና ኧርነስት ማኩሎክ በ1961 ይህንኑ በአይጥ አረጋገጡ፦ በጨረር መቅኔዋ ለጠፋ አይጥ ከሌላ አይጥ የመቅኔ ሕዋሳት ሲሰጧት በጣፊያዋ ላይ እብጠቶች ወጡ፤ እያንዳንዱም እብጠት ከአንድ ሕዋስ የተወለደ ሆኖ ተገኘ። በዚህ መንገድ የሚሠራው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ዛሬ የደም ካንሰር ሕሙማንን ያድናል።

በ1962 እንግሊዛዊው ጆን ጉርደን የእንቁራሪት ጭንጋፍ አንጀት ሕዋስ አስኳል ባዶ በሆነ እንቁላል ውስጥ አኑሮ እንቁራሪት ማሳደግ እንደሚቻል አሳየ። በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በአይጥ፥ በተከታዩም ዓመት በሰው፥ የቆዳ ሕዋስን አራት ዘረ መሎች በማስገባት ብቻ ወደ ግንደ ሕዋስ ጠባይ መለሰው። ሁለቱም በ2012 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ሥራቸው የተዘጋው ምዕራፍ እንደገና ሊከፈት እንደሚችል አስተምሯል።

አንድ ዓይነት መሆን የሚያመጣው አደጋ

ወደ ማሳው ስንመለስ አንድ አሳሳቢ ነገር እናገኛለን። ከአንድ አሚቾ የወጡት መቶ ቡቃያዎች በውርሳቸው አንድ ናቸው። ይህ ለገበሬው በረከት ነው፤ ቆጮው የጣፈጠለትን ወይም ቃጫው የጠነከረለትን ዝርያ ሳይለወጥ ያቆይለታልና። ነገር ግን ለአንዱ የሚከፋው ለመቶውም ይከፋል። በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የእንሰት አጠውልግ በሽታን መንሥኤ ባክቴሪያ ለይተው አሳወቁ። በሽታው በዋነኛነት የሚጓዘው ተክሉን በሚነካው ቢላዋ ነው። ተክሉን የምታባዛው ቢላዋ ከታመመው ወደ ጤነኛው ስታልፍ ደዌውንም አብራ ታባዛለች። በሽታው ከገባ በኋላ የሚፈውስ መድኃኒት አልተገኘም። መከላከያው የታመመውን ነቅሎ መቅበር፥ ቢላዋውንም በእሳት ለብልቦ ማንጻት ነው።

ለዚህ የሕዋስ ሳይንስ የራሱን ድርሻ ማዋጣት ይችላል። በ1952 ሞሬልና ማርተን ከታመመ የዳሊያ አበባ ጥቃቅን የዕድገት ጫፍ ቆርጠው በብርጭቆ ውስጥ በማሳደግ ከቫይረስ የጸዳ ተክል አግኝተዋል። በእንሰትም ላይ የቲሹ ካልቸር ምርምር ሲካሄድ ቆይቷል፤ በ2001 ለዶክትሬት ማዕረግ ያቀረቡት አልማዝ ነጋሽ ስለ እንሰት ብዝኃነትና አጠባበቅ ያጠኑት ሥራ ከዚሁ መስክ የሚቆጠር ነው። በ2014 ደግሞ የተክሉ የውርስ መጽሐፍ ረቂቅ ንባብ ታትሟል። ሆኖም ሁለት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። ንጹሕ ችግኝ በሽታን የሚቋቋም ችግኝ ማለት አይደለም፤ በተበከለ መሬት በተበከለ ቢላዋ ቢነካ ይታመማል። ዳግመኛም ቤተ ሙከራው አንድ ወይም ሁለት ዝርያ ብቻ እየመረጠ ቢያባዛ፥ ገበሬዎች በየስማቸው ለይተው ያቆዩአቸው ብዙ ዝርያዎች ከማሳው ይጠፋሉ። ዝርያዎቹ ለአጠውልግ ያላቸው ጽናት አንድ ዓይነት ባለመሆኑ፥ የነገው መድኅን ከሚጠፉት አንዱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የጠፋን ዝርያ ደግሞ መልሶ ሊያስገኝ የሚችል ቤተ ሙከራ የለም።

በ1996 በኮሌጅነት ተጀምሮ በ2006 ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዲላው ተቋም በዚህ ማሳ መካከል ቆሟል። የሥነ ሕይወት ተማሪው የሽንኩርትን ልጣጭ በማይክሮስኮፕ እያየ ሕዋስን ሲማር፥ ከግቢው አጥር ማዶ ያለውን አሚቾም ጠረጴዛው ላይ ቢያወጣ፥ ግንደ ሕዋስ ማለት ምን እንደ ሆነ በገዛ ዓይኑ ያያል። ገበሬውም ከተማሪው ባክቴሪያ በቢላዋ ስለት ላይ እንዴት እንደሚያድር ቢሰማ፥ ከቆረጠው እንሰት ወደ ሌላው ከማለፉ በፊት ቢላዋውን ወደ ምድጃው መልሶ በእሳት ያነጻል።