መካኒሳ፦ ልጅ የተማረው፣ ወላጅ ያልተማረው ቋንቋ

ታሪክ ስናነሳ ከነገሥታቱና ከጦርነቱ አንወርድም። ዛሬ ግን ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ወደ መካኒሳ እንውረድ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ከአሜሪካ የመጡ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የከፈቱት እዚህ ነው። «ደንቆሮ የሰማ ለት ያብዳል» እያልን በምንተርትበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1971 የመስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1981 መካነ ኢየሱስ በሆሳዕና ትምህርት ቤት ከፈተች።

ከሚሲዮናውያኑ ጋር የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ገባ። የኛዎቹ ግን እንዳለ አልዋጡትም። የጣት ፊደሉን ብቻ እንይ፦ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ሲነግረን፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን 7 ሆሄያት ይለያል። «ሀ ሁ ሂ» በእጅ ይቆጠራል ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋውን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ።

እስከዚህ ድረስ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ጥያቄያችን ግን ይኸውና፦ እናትና አባትስ?

በአሜሪካ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው፣ መስማት ከተሳናቸው 100 ልጆች ከ90 የሚበልጡት የሚሰሙ ወላጆች ልጆች ናቸው። ስለዚህ ልጁ ቋንቋውን የሚያገኘው ከእናቱ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ነው። ቤት ውስጥ ያለው «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ና»፣ «ተው» የሚል የእጅ ጥቅሻ ብቻ ይሆናል። በዚህ ጥቅሻ ምሳ ይበላል። አያቱ ለምን እንደ ሞተች፣ ሰው ለምን እንደሚያለቅስ፣ ነገ ምን እንዳለ ግን እንዴት ይነገረዋል?

ወላጆችን ለመውቀስ አይደለም። ጸበል ለጸበል፣ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት የተንከራተተች እናት ጉዳዩን ችላ ብላለች አይባልም። መድኃኒት ፈልጊ ያላት ብዙ ነው፤ ቋንቋ ተማሪ ያላት ግን ማን ነው? የተማረው ዓለምም ቢሆን ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ወሰኑ። ያንን ውሳኔ የሚሽር፣ ለደረሰውም ጉዳት መጸጸትን የገለጸ ጉባኤ የተካሄደው ከ130 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው።

ልጅ ግን 130 ዓመት አይጠብቅም። ቋንቋ የሚተከለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው፤ እነዚያ ዓመታት ደግሞ የሚያልፉት እቤት ነው።

የመካኒሳ ታሪክ ግማሹን ሠርቷል ባዮች ነን። ቀሪው ግማሽ ወላጅ፣ እህትና ወንድም፣ ጎረቤትም ጭምር የሚማሩበት የማታ ክፍል ነው። ለልጁ ፊደል ቀርጸንለታል። አሁን ደግሞ እቤቱ የሚያወራው ሰው ይፈልጋል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?