የግራፊክስ ካርድ ፍጥነትና የምስል እውነት

ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ የነበረው የመንገደኞች በረራ ተከፍቶ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መቀሌ፣ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ አረፈ። ተለያይተው የከረሙ ቤተሰቦች ተቃቅፈው ሲላቀሱ የሚያሳዩ ፊልሞች በዓለም ታዩ። እንዲህ ያለው ፊልም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥራቱ ይጨመር ቢባል፣ ስሌቱን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ምርጫ ምን ያህል ይረዳል?

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 580 ካርድ 512 የስሌት ክፍሎች ነበሩት። በ2014 የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች ጥልቅ የነርቭ መረብ ምስልን አጥርቶ ለማጉላት እንደሚበቃ አሳዩ። በ2020 አርቲኤክስ 3090 በ10,496፣ በ2022 አርቲኤክስ 4090 በ16,384 ክፍሎች ተሠርተው ወጡ። የሁለቱም ማኅደረ ትውስታ 24 ጊጋባይት ሲሆን፣ በአንድ ፕሮግራም ሲመዘኑ የኋለኛው በሰከንድ ብዙ ምስል ይሠራል።

ይሁን እንጂ ፒክስል የሚባሉ 2,073,600 ነጥቦች ያሉት ምስል ወደ 8,294,400 ሲያድግ፣ ከአራት ነጥብ ሦስቱ ካሜራው ያልመዘገባቸው የፕሮግራሙ ግምት ናቸው። ፈጣን ካርድ ግምቱን ያፋጥናል እንጂ እውነት አያደርገውም። ስለዚህ የዚያን ቀን ፊቶች ለልጅ ልጅ ለማቆየት የሚሻ መሐንዲስ፣ ካርድ ከማወዳደሩ በፊት የመጀመሪያውን ቅጂ ሳይነካ ያስቀምጥ።