ዝም የማለት መብት ዱርቤቴ እንዴት ደረሰ

ዱርቤቴ ላይ ከፍርድ ቤት ደጅ ራፖር ስጽፍ ነው ያረጀሁት። ልጁ የታሰረበት የአቸፈር ገበሬ መጥቶ መጀመሪያ የሚለኝ ያው ነው፦ «ጋሼ፣ ቃሉን ይስጥ እንጂ፤ ዝም ካለ ያደረገው ይመስላል።» የከተማው ወጣት ደግሞ ፊልም አይቶ «ዝም የማለት መብት አለኝ፤ የአሜሪካ ሕግ ነው» ይለኛል።

የገበሬው ፍርሃት ሥር አለው። በአባቶቻችን ጊዜ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። እርሻው ቆሞ፣ ከብቱ እረኛ አጥቶ፣ ሰው ሁሉ በየተራ እየማለ ይጠየቃል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ካሳውን አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። እንዲህ ባለ ሸንጎ ዝም ያለ ሰው ጎረቤቱን ሁሉ ዕዳ ውስጥ ይከታል። በሙግትም «ተጠየቅ» ተብሎ መልስ ያጣ እንደ ተረታ ይቆጠር ነበር።

እንግሊዞችም መሐላን ያውቁታል። በ1630ዎቹ መጨረሻ (እንደ ፈረንጆች) ጆን ሊልበርን የተባለ ወጣት በራሴ ላይ ለመመስከር አልምልም ብሎ በለንደን ጎዳና ተገረፈ። የቀጣው ችሎት በ1641 ፈረሰ። ቆይቶም ፖሊስ ተጠርጣሪን ከመጠየቁ በፊት «የምትናገረው በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል» ብሎ እንዲያስጠነቅቅ ዳኞቻቸው በ1912 ደንብ አወጡ። ሰው በራሱ ላይ እንዲናገር አይገደድም የሚለው ሐሳብ ከእንግሊዝ ገዢዎች ጋር ወደ እስያ ቅኝ ግዛቶች ተሻገረ።

ወደ እኛ ያደረሰውም ይኸው መንገድ ነው። ከእነዚያ ግዛቶች የአንዷ፣ የማላያ፣ ዋና ዳኛ የነበሩት ሰር ቻርልስ ማቲው አዲስ አበባ መጥተው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችንን ረቂቅ ሠሩ። ሕጉ በ1954 ዓ.ም. ታወጀ። አንቀጽ 27 ተጠርጣሪው እንዲመልስ አይገደድም ይላል፤ ላለመመለስ መብት እንዳለውም ይነገረው ይላል። ፊልሙ የሚያወራለት የአሜሪካው የሚራንዳ ፍርድ የተሰጠው በ1958 ዓ.ም. ነው። ለወጣቱ «የአገርህ ሕግ ቀድሟል» የምለው ለዚህ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ነገሩን አጠበቀው፦ የተያዘ ሰው መብቱ ወዲያው፣ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ ተገዶ የሰጠው ቃልም ማስረጃ አይሁን።

ለገበሬው ግን አንቀጽ ብቆጥርለት አያሳርፈውም። የሚያሳርፈው ዕዳው የማን እንደሆነ ሲገባው ነው። በአውጫጭኝ የማስረዳቱ ሸክም በአገሬው ሁሉ ጫንቃ ላይ ነበር፤ ዛሬ ሸክሙ የዓቃቤ ሕግ ነው። ልጁ ዝም ቢል ማንም ጎረቤት ካሳ አይከፍልም፤ ዝምታውም እንደ እምነት ቃል አይቆጠርም። ይህን ስነግረው ብዙው ገበሬ ቶሎ ይቀበለኛል፤ የከሰሰ ምስክር ይቁጠር ማለትን ከመሬት ሙግት ጀምሮ ያውቀዋልና። እኔም ልጁን ሊጠይቅ ሲሄድ አንድ ነገር አደራ እለዋለሁ፦ ቃል መቀበያው ላይ አሻራውን ከማሳረፉ በፊት የተጻፈው በሙሉ ይነበብለት።