የፊደልና የነጥብ ጌጥ በማስታወሻ ገጽ ላይ

የፊደል ጌጥ የሚባለው ፊደላት፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ከንባብ አገልግሎታቸው ሌላ ለገጽ ማስዋቢያ ሲውሉ ነው። በኢትዮጵያ በብራና መጻሕፍት፣ በክታብና በዘመናዊ ሥዕል ላይ ይታያል፤ ተማሪዎች ሊለያዩ ሲሉ በሚቀባበሉት ኦቶግራፍና በቤተሰብ የፎቶ አልበም ላይም አይጠፋም። በሌላው ዓለም አልበም ማስጌጥ ራሱን የቻለ የእጅ ሥራ ሆኗል፤ ቅንፍ፣ ኮከብና ትልልቅ ፊደል ከወረቀት እየተቆረጠ በፎቶው ዳር ይለጠፋል። እኛ ዘንድ የተለየ ስም ስላልወጣለት እንግዳ ልማድ ይመስላል እንጂ ሥሩ ሩቅ ነው። የብራና ጸሐፍትን ሥራ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ደንብ ያገኛል፦ ጌጡ የሚያርፈው በፊደሉ አካል ላይ ሳይሆን ጽሑፉን በሚከፍሉት ምልክቶች ላይ ነው። ለዛሬው አልበምም ከዚህ የተሻለ ደንብ አልተገኘም።

ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ካሰመረ በኋላ ዋናውን ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ቀዩን ለምዕራፍ መነሻ፣ ለቅዱሳን ስምና ለአኃዝ ያቆየዋል። ፊደሉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ መልክ ይጥለዋል። አራት ነጥብ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይፈታል፤ በጥቁሮቹ ነጥቦች ላይ ቀይ ጣል ያደርጋል። ክፍል ሲያልቅ ቀይና ጥቁር እያፈራረቀ የነጥብ መስመር ይዘረጋል፤ አንዳንዴም ዘጠኝ ነጥቦችን እንደ አበባ ሰብስቦ ይተዋል። ፩፣ ፪፣ ፫ ከላይና ከታች ሰረዝ ስላላቸው ያለ ተጨማሪ ሥራ የተከፈፉ ናቸው። ሐረግ የሚባለው የተጠላለፈ ጌጥም በገጹ ራስጌና በዓምዶቹ መካከል ይሳባል እንጂ ቃል ውስጥ አይገባም።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የላቲን ጽሑፍ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፤ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ጸሐፍትም የምዕራፉን የመጀመሪያ ፊደል አሳብጠው ቅጠልና አውሬ ይሥሉበት ነበር። በግእዝ ትልቅ ፊደል የለም። ከዚህም በላይ የፊደላችን ልዩነት ያለው በጥቃቅን ጭረት ነው፤ «በ» በቀኝ እግሩ ግርጌ ሰረዝ ሲጨመርበት «ቢ»፣ ቀለበት ሲጨመርበት «ቤ» ይሆናል። በሕፃን ልጅ ፎቶ ሥር ስሙን ጽፎ ለማሳመር ሲል የፊደሉን እግር የጠቀለለ ሰው ሳያስበው የልጁን ስም ለውጦታል። ነጥብ ላይ ግን የፈለገውን ያህል ቢጫወት ቃሉ አይነካም።

ኅትመትም ይህን አላፈረሰም። ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ያሳተመው የግእዝ መዝሙረ ዳዊት የብራናውን መልክ ለመከተል የጣረ መጽሐፍ ነው። የተለወጠው በኋላ፣ በዘመናዊው ኅትመትና በኮምፒዩተር ጊዜ ነው፤ ቃልን ከቃል ይለይ የነበረው ሁለት ነጥብ ቦታውን ለባዶ ክፍተት ለቀቀ። ለአልበም ሠሪ ይህ ኪሳራ አይደለም። ሁለት ነጥብ ዛሬ ጡረታ እንደወጣ የተከበረ ሠራተኛ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ የዕለት ግዴታ ግን የለበትም፤ ስለዚህ በፎቶ ዙሪያ ቢደረደር ማንንም አያሳስትም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ መቃወሚያ ከክታብ ይመጣል። በጠልሰም ክታብ ላይ ጫፋቸው በቀለበት የተቋጨ ፊደል መሰል ምልክቶች አሉ። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም የአማርኛ ፊደልን ዘርዝሮ፣ ገልብጦና አጣምሞ የሥዕሉ ዋና አካል አድርጎታል። ታዲያ ፊደሉን ራሱን ማጣመም ነባር ጥበብ አይደለምን? ነው። ነገር ግን ክታቡ የሚዘጋጀው ታማሚውን ለመጠበቅ ነው፤ ታማሚው ምልክቶቹን እንዲያነብ አይጠበቅም። የወሰኔ ሸራም መልእክት እንዲነበብበት የተሠራ አይደለም። የአልበም ገጽ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ «ይህ ማን ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ መስጠት አለበት። የማይነበብ ስም ያለበት ውብ ገጽ ሥራውን አልሠራም። ነጥቦቹ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ንብረት ናቸውና ለተራ ፎቶ አይገቡም የሚል ቅሬታም ይሰማል፤ ጋዜጣና ደብዳቤ በአራት ነጥብ ሲጨርሱ ግን ማንም አልተቆጣም።

ደንቡ ከግእዝ ፊደል ውጭስ ይሠራል? ጋምቤላ ጥሩ መፈተኛ ናት። ኢታንግ አካባቢ ያለው ትየርኪዲ እ.ኤ.አ. በ2014 ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች የተከፈተ መጠለያ ጣቢያ ሲሆን ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ኑዌሮች ናቸው። ኑዌርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1928 ሬጃፍ ላይ የተደረገው የቋንቋዎች ጉባኤ መሠረት ጥሏል። በዚህ አጻጻፍ ከአናባቢ በላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦችና ከሥር የሚሰመር ሰረዝ ድምፅ ይለያሉ። ስለዚህ በግእዝ ገጽ ላይ ንጹሕ ጌጥ የሆነው ሁለት ነጥብ በኑዌርኛ ስም ላይ ቢነጠብ ስሕተት ይሆናል። ይህ ደንቡን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ያጠራዋል፦ ለጌጥ የሚሆነው በዚያው ቋንቋ ንባብን የማይለውጠው ምልክት ነው። ለኑዌርኛ ገጽ ቅንፍና ኮከብ ይስማማሉ፤ ወደ ግራ የተከፈተውን ክብ አናባቢም ከስሙ ርቆ ብቻውን በትልቁ ቆርጦ ማስቀመጥ ይቻላል።

መሣሪያው በእጅ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲገባ የአንቀጽ መለያው ፨ አብሮ ገብቷል፤ የክፍል ምልክቱ ፠ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጨምሯል። ሁለቱንም በኮምፒዩተር አጉልቶ፣ በወፍራም ወረቀት አትሞና በመቀስ ቆርጦ ቀይና ጥቁር ማቅለም ቀላል ነው። ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ግን ከፎቶው ሥር ባልተጠቀለለ ተራ ፊደል ጻፉ።