ጅማ አባ ጅፋር፦ ባደገበት ዓመት ዋንጫ ያነሣው ክለብ

ጅማ አባ ጅፋር የእግር ኳስ ክለብ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው የጅማ ከተማ መቀመጫውን ያደረገ ክለብ ነው። ክለቡ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት የመጀመሪያ የውድድር ዘመን፣ በ2010 ዓ.ም፣ የሊጉ ሻምፒዮን በመሆን በአገሪቱ የእግር ኳስ ታሪክ ልዩ ስፍራ ይዟል። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ከሊጉ ወርዷል።

የስያሜው መነሻ

ክለቡ ቀደም ሲል ጅማ ከተማ በሚል ስም ይወዳደር ነበር። የአሁኑ መጠሪያው ጅማን እ.አ.አ ከ1878 እስከ 1932 ከገዙት ከንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ የተወሰደ ነው። «አባ ጅፋር» በኦሮሞ ባህል መሠረት የፈረስ ስም ነው። ንጉሡ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመገበር የግዛታቸውን የውስጥ አስተዳደር ለረጅም ጊዜ ጠብቀው የቆዩ ሲሆን፣ ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ይገኛል። የሂርማታ ገበያም የጅማ የንግድ ማዕከልነት መሠረት ነበር።

በከተማዋ ዙሪያ የሚገኙት አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃና ጌራ በቡና ምርታቸው የታወቁ ናቸው። የከተማዋ ሌላው ክለብ ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ምርት ሲሆን፣ ጅማ አባ ቡና ይባላል። አባ ቡና በ2009 ዓ.ም በፕሪሚየር ሊጉ ተሳትፎ በዚያው ዓመት ወረደ። በተመሳሳይ ዓመት ጅማ ከተማ ከከፍተኛ ሊግ በማደጉ ከተማዋ በሊጉ የነበራት ስፍራ ሳይቋረጥ ቀጠለ።

የ2010 ዓ.ም ድል

ክለቡ በአሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ ወደ ውድድሩ ሲገባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫውን ለአራት ተከታታይ ዓመታት ወስዶ ነበር። የሁለቱ ክለቦች ፉክክር እስከ መጨረሻው ጨዋታ ዘልቆ፣ ሁለቱም በእኩል 55 ነጥብ በማጠናቀቃቸው ጅማ አባ ጅፋር በግብ ክፍያ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። የቡድኑ ናይጄሪያዊ አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢ በ23 ግቦች የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ።

ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ውጭ የወሰደው ሐዋሳ ከተማ ብቻ ነበር። ጅማ አባ ጅፋር በዚህ ረገድ ሁለተኛው ክልል ክለብ ሆኗል።

ሻምፒዮናው በ2011 ዓ.ም በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የጅቡቲውን ጅቡቲ ቴሌኮም ጥሎ አለፈ። ቀጥሎም ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኝቶ በሜዳው 1 ለ 0 ቢያሸንፍም፣ ከሜዳው ውጭ 2 ለ 0 በመሸነፉ በድምር ውጤት ከውድድሩ ተሰናበተ።

ዋንጫን ማንሣትና ደረጃን መጠበቅ

ባደጉበት ዓመት ሻምፒዮን የሆኑ ክለቦች በእንግሊዝም አሉ። ከእነዚህ አንዱ እ.አ.አ በ1865 የተመሠረተው ኖቲንግሃም ፎረስት ነው። ፎረስት እ.አ.አ በ1977 አድጎ በ1978 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1979 እና በ1980 ደግሞ የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦችን ዋንጫ አነሣ። የሁለቱ ክለቦች ድል በ40 ዓመት ልዩነት የተገኘ ነው።

ልዩነቱ የታየው ከድሉ በኋላ ነው። ፎረስት አሠልጣኙን ብራያን ክላፍን እ.አ.አ ከ1975 እስከ 1993 ድረስ ለ18 ዓመታት ይዞ ቆይቷል። የጅማው አሠልጣኝ ግን ዋንጫውን ባነሡ ማግሥት ወደ መቐለ 70 እንደርታ ተዛውረው በ2011 ዓ.ም ያንኑ ዋንጫ ከአዲሱ ክለባቸው ጋር ደገሙት። መቐለም ከጅማ ጋር በአንድ ዓመት ያደገ ክለብ ነበር።

አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ክለቦች በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ በመሆናቸው የተጫዋቾች ደመወዝ ዕድገት ከባድ ጫና ፈጥሮባቸው ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም መጨረሻ የወርሃዊ ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን የተወሰነው በዚሁ ምክንያት ነው።

በ2013 ዓ.ም ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከአስተናጋጆቹ አንዱ ሆኖ የሊጉ ክለቦች ተጫውተውበታል። ጅማ አባ ጅፋር ግን በ2014 ዓ.ም ከሊጉ ወረደ። ኖቲንግሃም ፎረስት በአንጻሩ እ.አ.አ በ1999 ከወረደ ከ23 ዓመታት በኋላ በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተመልሷል።

የሁለቱ ክለቦች ታሪክ እንደሚያሳየው ዋንጫ በአንድ ዓመት ብርታት ሊገኝ ይችላል። ደረጃን ጠብቆ ለመቆየት ግን የአሠልጣኝ ቆይታ፣ አስተማማኝ የገቢ ምንጭና ከአካባቢው ታዳጊዎችን የሚያፈራ አሠራር ያስፈልጋል። ስታዲየሙ፣ ስሙና የቡና ሀብቱ ያላት ጅማም የሚጠብቃት ሥራ ይኸው ነው።